ሎሚ የጠየቀው እንግዳ

ጋስ ያዮን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እኔ ወደዚህ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ወደ ባድሌ፣ ከመጣሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ከጅቡቲ ከተማ ከተመለሱ ስድስት ዓመታቸው። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ለዓሣ አጥማጆች በረዶ በምሸጥበት በበረዶ ቤቴ ደጃፍ ሲያልፉ ሰላም ብያቸዋለሁ፣ ሻያቸውን ጠጥቻለሁ፣ አንድ ቀንም ጥርሳቸውን አሟቸው በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጥቻቸዋለሁ። ከዚህ ያለፈ ቅርበት የለንም። ከእኔ አብልጠው የሚያውቋቸው ሞልተዋል፤ እነሱ ግን አይጽፉም፣ ዓሣ ነው የሚያጠምዱት። እኔም ብሆን አሳይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ከመጣሁ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር በዓሣ ሣጥን ላይ የባለቤቱን ስም ነው። ከተሳሳትኩ የሚያርመኝ አይጠፋም።

ጋስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሻይ ቀድተዋል። ሻይ ቤት ውስጥ አይደለም። ከተማው ውስጥ፣ የእኛ አለቆች ከሩቅ አገር አለቆች ጋር ተቀምጠው የሚነጋገሩበት አንድ አዳራሽ አለ፤ የዚያ አዳራሽ ሻይ ቀጂ ነበሩ። ከዚያ በፊት በግመል ጨው የሚያመላልሱ ሰው ናቸው። እንዴት እንደተቀጠሩ ሲናገሩ እንዲህ ይላሉ፦ የሐምሌ ደረቅ ነፋስ አሸዋውን እያነሳ በሚጥልበት ቀን ስድስት ሙሉ ብርጭቆ በትሪ አሸክመው በግቢው አስኬዷቸው። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ቀጣሪው ተገርሞ የት እንደተማሩ ቢጠይቃቸው፣ «ከግመል ኋላ» አሉት። ሁለተኛው መስፈርት ፈረንሳይኛ አለማወቅ ነበር። እሱንም ያኔ አሟልተው ነበር፤ ይህ ሁለተኛው ሙያቸው ግን ብዙ ዓመት አልቆየላቸውም ይባላል። እሳቸው ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይሉም።

በመጀመሪያው ቀን ቁርኣን አስይዘው አስማሏቸው፦ በአዳራሹ የተሰማ ቃል ከአዳራሹ አይወጣም። ማሉ። ችግሩ የጀመረው በሳምንቱ፣ የሐሙስ ጀልባ ተሳፍረው ለዕረፍት ባድሌ ሲወርዱ ነው። በእኛ በአፋሮች ወግ ከመንገድ የመጣ ሰው ዳጉ አለበት። ይቀመጣል፣ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ በተራ ያወርዳል፤ ተቀባዩም እህ እያለ ይሰማዋል። ጨምሮ ያወራ ይቀላል፤ ቀንሶ ያወራ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። እንግዲህ ጋስ በአንድ በኩል መሐላ፣ በሌላ በኩል ዳጉ ያዛቸው። መሐላውን ቢጠብቁ አገሩ ይከሳቸዋል፤ ዳጉውን ቢያወርዱ ፈጣሪ።

ግመል ነጂ ሲባል ግን ዝም ብሎ ሰው አይደለም። ጋስ ዳጉን ለሁለት ከፈሉት። የሰሙትን ትተው ያዩትን ብቻ ማውረድ ጀመሩ። «አምስት እንግዶች ገቡ። ሦስቱ ስኳር አልፈለጉም። አንደኛው የራሱን ሙቅ ውሃ ይዞ መጥቶ ነበር። አንደኛው ብርጭቆውን ሳይነካው ወጣ። ከእኛዎቹ መሐል ወፍራሙ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ።» በቃ። እውነት ነው፣ በተራ ነው፣ አልተቀነሰም። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ምንም ሊከሱበት የሚችሉት ነገር አጡ።

ባድሌ ግን ወሬ አግኝቶ እንዳላገኘ ሆኖ የሚቀመጥ አገር አይደለም። መረብ የሚጠግነው ሐጂ ዲኒ ያንን የሻይ ዳጉ መፍታት ጀመረ፤ ቀስ በቀስም የታወቀ ሙያ ሆነለት። ስኳር አልፈልግም ያለ እንግዳ ለረጅም ጊዜ ነው የመጣው፤ ሁለት ማንኪያ ያስጨመረ ዛሬውኑ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል፤ ብርጭቆውን ያልነካ ተቆጥቷል፤ ሦስተኛ በራድ ከተጠራ ነገሩ አልቋል። አንዳንዴ ይገጥምለት ነበር። ሲገጥምለት ዓመት ሙሉ ያወራዋል፤ ሳይገጥምለት ሲቀር ጋስ ብርጭቆዎቹን በደንብ አላዩም ይላል።

ጋስ በጡረታ ከተመለሱ በኋላ ከሰዓት በኋላ በቤታቸው ጥላ ሥር የማይቀመጥ ሰው የለም። እሳቸው ብቻ ናቸው የማይቀመጡት። ሦስት ሰው በተሰበሰበበት መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ትሪ ፈልገው ይዞራሉ። ከክፍል ሲወጡም ጀርባቸውን ለሰው አያዞሩም፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው የሚወጡት፤ በዚህ የተነሳ በዓሣ አጥማጁ በካሚል ፍየል ላይ አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ፍየሏ እስከ ዛሬ ስታያቸው መንገድ ትለውጣለች።

እንዲያ እየዞሩ ስለ መንግሥታት ያወራሉ። ማን ምን አለ የሚለውን አይደለም፤ መንግሥት የሚባለው ነገር ጠባዩ ምን እንደሆነ ነው። ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጡ የአንድ አገር ሰዎች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተመላልሰዋል ይሉናል። በየሁለት ዓመቱ ሰውዬው ይለወጣል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ሳቂታ፣ አንዱ አኩራፊ። የያዙት ቡናማ ፎልደር ግን ያው ነው፤ ጠርዙ እያለቀ ሄደ እንጂ አልተለወጠም። «እንግዳው ተለውጦ ጥያቄው ካልተለወጠ፣ ጥያቄው የሰውየው አይደለም፣ የአገሩ ነው» ይላሉ። «ሰውየው ባለፈው ዓመት ምን አለ ብላችሁ አትድከሙ። ፎልደሩን እዩ።»

ሌላ ቀን ስለ እኛ ስለራሳችን ጠየቅናቸው። ይቺ ድንጋይና ጨው ብቻ ያላት አገር ይህን ሁሉ ጉልበተኛ በደጇ አስቀምጣ እንዴት ሳትዋጥ ቀረች? ጋስ በራዱን ከፍ አድርገው አረፋ እያስያዙ ቀዱና፣ «አንድ እንግዳ ያለው ሰው ሎሌ ነው። ሁለት ያለው አስታራቂ ነው። አምስት ያለው ባለቤት ነው» አሉ።

«አምስት እንግዳ ያለውን ሰው ሚስቱ ትፈታዋለች» አለ ሐጂ ዲኒ።

ትላልቆቹ መንግሥታት ደግሞ እንደ ጨው ነጋዴ ናቸው ይላሉ። ጨው ጫኝ ሲሄድ ባዶ መሬት ላይ ጭድ ቀብሮ ያልፋል። የሚያየው ሰው ያበደ ይመስለዋል፤ ግመሎቹ ጠግበዋል፣ ጭዱ ምን ያደርጋል? በመልሱ ጉዞ፣ ግመሉ ጨው ተሸክሞ ሲዝል፣ ያ ጭድ ሕይወቱ ነው። «እዚህ አንድ ክሊኒክ፣ እዚያ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ ለአሥር ልጆች ትምህርት ቤት... ደግ ናቸው እንላለን። ደግም ይሆናሉ። ግን ጭድ ነው፤ የሚመለሱበትን መንገድ እያሰቡ ነው የቀበሩት።» ሁሉንም የሚፈልግ አገር ግን ሩቅ አይደርስም፤ ሠላሳ ጉድጓድ ላይ ጭድ የሚቀብር ሰው ለመጀመሪያው ጉዞ የሚሆን አይተርፈውም። ይህን ሲሉ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያዩ ይመስል ነበር። ማታ ግን ጫማቸውን የት እንዳስቀመጡ አያስታውሱም።

አሁን ወደ ካሚል ነገር ልምጣ።

ባለፈው ዓመት መንግሥት በእኛ በኩል ትልልቅ መርከብ የሚያስጠጋ አዲስ ወደብ ሊሠራ ነው ተባለ። ቦታው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እዚሁ ባድሌ፣ ጀልባዎቻችን የሚቆሙበት ዳርቻ፣ ወይ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ እኛ ደረቁ ወሽመጥ የምንለው ቦታ። ካሚል የአባቱን ጀልባ የወረሰ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሚስቱ ሞሚና ትባላለች፣ ሦስት ሴት ልጆች አሉት። ለእሱ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ከባድነቱም እዚያው ላይ ነው። ወደቡ እዚህ ከሆነ ዳርቻው ይታጠርና ጀልባው ማገዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ገዢ ሳይሸሽ፣ ሸጦ ከመንገዱ በላይ ያለችውን ቦታ ይዞ ምግብ ቤት መክፈት አለበት። ወደቡ ደረቁ ወሽመጥ ከሆነ ደግሞ ጀልባ የሸጠ ሰው በገዛ እጁ እግሩን እንደቆረጠ ነው። እዚህ ወይስ እዚያ? ታጁራ ያለ አንድ ነጋዴ ጀልባውን ሊገዛው ፈቅዷል። ፈቃዱ ግን እስከ መቼ እንደሚቆይ አይታወቅም።

ታዲያ ለወደቡ ንግግር ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ጋስን ከጡረታቸው ጠሯቸው። የዛሬ ልጆች ሻይ በከረጢት ነው የሚያፈሉት፤ ትልቅ እንግዳ ደግሞ ከረጢት እየጎተተ አያወራም። ሄዱ፣ አራት ቀን ቆዩ፣ በሐሙስ ጀልባ ተመለሱ። ባድሌ በሙሉ ጀልባ መውረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የጠበቃቸው። እኔም በረዶ ቤቱን ቆልፌ ሄጄአለሁ፤ አልዋሽም።

ዳጉውን አወረዱ። እንግዶቹ ስድስት ነበሩ፣ አራቱ ስኳር አልፈለጉም። ሦስት በራድ አለቀ። አንዱን በራድ የእኛዎቹ አለቃ በገዛ እጁ ቀዳ። ከእንግዶቹ ትልቁ ሎሚ ጠየቀ።

ሐጂ ዲኒ መርፌውን መረቡ ላይ ተወው። «ራሱ ጠየቀ ወይስ አንተ አቀረብክለት?»

«ራሱ ጠየቀ።»

ሐጂ ዲኒ ሌላ መስማት አልፈለገም። በዚህ ዳርቻ ሎሚ የሚበቅለው በባድሌ ሁለት አትክልት ቦታዎች ብቻ ነው። በጾሙ መባቻ የባሕሩን ጥልቀት ሊለኩ የመጡት ሰዎች እዚህ ሻይ በሎሚ ጠጥተው ሄደዋል፤ ሽማግሌው ሎይታ ራሱ ነው የጋበዛቸው። ለአለቃቸው ነግረውታል ማለት ነው። አለቃቸውም የባድሌን ሎሚ በአፉ ይዞ ነው የመጣው። ወደቡ እዚህ ነው። ከተማ ውስጥ ሎሚ በከረጢት ከመርከብ እንደሚወርድ ላነሳ አስቤ ነበር፤ ሁሉም እንዲያ ሲስማሙ ግን የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ተሰማኝና ተውኩት።

ማክሰኞ ዕለት ካሚል በረዶ ቤት መጥቶ ከሐሙስ ጀምሮ በረዶ አታስቀምጥልኝ አለኝ። ገዢው በሐሙስ ጀልባ ይመጣል። ፊቱ የደስተኛ ሰው ፊት አልነበረም። ሞሚና ከሰማች ወዲህ ሁለት ቀን እንዳላናገረችው፣ ምግብ እንኳ ስትሰጠው በትልቋ ልጅ በኩል እንደሆነ ነገረኝ። «እንዳታናግረኝ እንጂ እንዳታበላኝ አልወሰነችም፤ ይመስገን» ብሎ ሄደ።

ብዙ ሳይቆይ ጋስ በደጄ ሲያልፉ ካሚል ጀልባውን ሊሸጥ መሆኑን ነገርኳቸው።

«በምን ምክንያት?» አሉ።

«በሎሚው።»

ሳይጋበዙ ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ደነገጥኩ፤ ውሃ ላምጣ ወይ ብላቸውም አልሰሙኝም። «ሰውየው ጉንፋን ይዞት ነበር» አሉ።

በመጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። እንግዳው ሲያስለው ነበር፤ ሎሚ የጠየቀው ለጉሮሮው ነው። ጋስ ሳሉን አይተዋል፣ መሐረቡን አይተዋል፤ ያዩትን ደግሞ ማውረድ ነበረባቸው። ለምን አላወረዱትም? የአለቃ ሕመም በእነዚያ አዳራሾች ተራ ነገር አይደለም፤ አንድ ትልቅ ሰው ማሳሉ ከታወቀ የሚሸሽ ወዳጅ፣ የሚነሳ ጠላት አለ። ሳሉ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ይቀርባል ብለው ከመሐላው ጋር መደቡት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ማንኪያ ያልቀነሱ ሰው፣ አንድ ሳል ቀነሱ።

እኔ ለካሚል ብቻ ይንገሩት አልኩ። እሳቸው ግን ተነስተው በቀጥታ ወደ ሎይታ ቤት ሄዱና ራሳቸውን ከሰሱ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ መውረጃው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ተሰበሰብን። ሴቶቹ ከሰሌኑ ግርዶሽ ወዲያ ናቸው። ሎይታ መሐል ተቀመጠ። ጋስ ተከሳሽ ናቸውና ብቻቸውን ፊት ለፊት ሊቀመጡ ይገባቸው ነበር፤ ሰው መብዛቱን ሲያዩ ግን እጃቸው አላስችል አላቸውና በራድ አንስተው መዞር ጀመሩ። ግማሽ ያህሉ ሰው ከተቀዳለት በኋላ ነው ሎይታ የባነነው።

«ጋስ፣ ተከሳሽ ሻይ አይቀዳም። ተቀመጥ።»

ተቀምጠው ሳሉን አወረዱ። ስንት ጊዜ እንዳሳለ፣ መሐረቡ ምን ዓይነት እንደነበር፣ የቱ እጁ አፉ ላይ እንደነበር፣ አንዲትም ሳያስቀሩ። ሲጨርሱ ከግርዶሹ ወዲያ አንዲት ሴት በሳቅ ፈነዳች፤ ከዚያ ሁሉም። ሐጂ ዲኒ ብቻ አልሳቀም። «ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ጉንፋን ስፈታ ኖሬያለሁ ማለት ነው?» አለ። ሰው የባሰ ሳቀ።

ሎይታ ከጎኑ ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ተማክሮ ፈረደ። ያየውን የቀነሰ ዳጉ ቀንሷል፤ ጋስ አንድ ፍየል ይክፈሉ፣ ፍየሉም እዚሁ ታርዶ ይበላ። «ለአንድ ሳል አንድ ፍየል» አለ ሐጂ ዲኒ፣ ነፍሱ ትንሽ መለስ ብላለት፤ «ቢያስነጥስማ ግመል ነበር።»

ካሚል ግን ተነሳ። ካሚል ሰው ፊት የሚናገር ሰው አይደለም፤ ሲናገርም አሸዋውን እያየ ነው። ፍየሉ ለእሱ ምንም እንደማያደርግለት፣ ትናንት ሎሚ እንኳ እንደነበረው፣ ዛሬ ሎሚዋም እንደሄደች፣ ነገ ገዢው ከጀልባ ሲወርድ ይዞ የሚቀርበው ነገር እንደሌለው ተናገረ። ከዚያ ቀና አለ።

«አጎቴ ጋስ፣ እዚህ ከተቀመጥነው ሁሉ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሦስት ልጆች አሉኝ። እዚህ ነው ወይስ ደረቁ ወሽመጥ?»

ጋስ ወደ ሎይታ ዞሩ። ሎይታም፣ ያዩት የአገሩ ነው፣ በመሐላ የሰሙት የፈጣሪ ነው፣ ሽማግሌ የፈጣሪን ዕቃ አይፈትሽም አለ። ካሚል ተቀመጠ። አቀማመጡ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ጋስ ያኔ ካሚልን አንድ ነገር ልጠይቀው ብለው ፈቃድ ለመኑ።

«ወደቡን ተወው ካሚል። ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ከመንገድ በላይ ያለችውን ቦታ።»

«ቦታዋ ለምን?»

«ምግብ ቤት ልከፍትባት ነዋ።»

«ምግብ ቤቱስ ለምን?»

ካሚል ተናደደ። «ለመኖር ነዋ! ማንም ሳያዘኝ፣ ልጆቼ ከተማ ሄደው የሰው ወለል ሳይወለውሉ፣ እዚሁ፣ አባቴ በኖረበት ልኖር።»

«ይኸው» አሉ ጋስ። «ያንተ ፎልደር እሱ ነው። ሌላው ሁሉ እንግዳው ነው፤ ይለዋወጣል።»

ከዚያ እንደ ልማዳቸው መዞር ፈለጉ፤ ሎይታ አይቷቸው ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር ነበር የነገሩት፦ በዚያ አዳራሽ ለወደብ ሲል ወደብ የፈለገ መንግሥት አይተው አያውቁም። ወደብ መንገድ ነው፤ አንዱ ለእህሉ ይፈልገዋል፣ አንዱ ለወታደሩ፣ አንዱ ጎረቤቱ እንዳይዘው ብቻ። የሚፈልገውን የሚያውቅ አገር ይህኛው በር ቢዘጋበት በሌላው ይገባል። የሚፈልገውን የማያውቅ ግን በሩን ራሱን ግብ ያደርገውና፣ የተከፈተለት ቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ ምን ልሠራ ነበር የመጣሁት ይላል። «አሁን አንተ ነገሩን ወዲህም ወዲያም አገላብጠው። ወደቡ እዚህ ሆኖ ምግብ ቤት ከፈትክ እንበል። ማን ያዝሃል? የበላው ሁሉ። አንዱ ጨው አነሰው፣ አንዱ በዛበት፤ ቦታዋን የሸጠልህም ጠዋት ማታ መጥቶ ይበላል። ጀልባህን ይዘህ ከቆየህ ደግሞ? ዳርቻው ቢታጠር ከአትክልቱ ቦታ ወዲያ ትጠጋለህ፤ ትንሽ ትቀዝፋለህ፣ ትሳደባለህ፣ ታጠምዳለህ። መርከበኛም ዓሣ ይበላል። ወደቡ እዚያ ከሆነ ምንም አልተነካህም። ጥሩ ዕቅድ ማለት ነገ ምን እንደሚመጣ ያወቀ አይደለም፤ ይህም ቢመጣ ያም ቢመጣ ከእግርህ የማይጥልህ ነው።»

ካሚል ፊቱን አጨማደደ። «መንግሥታት እንዲህ ነው የሚያስቡት?»

«የሚያስቡት ይሰነብታሉ። የማያስቡት ሎሚ ይፈታሉ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ሐጂ ዲኒ።

በዚህ መሐል ነው ሞሚና ከግርዶሹ ወዲያ የተናገረችው። በሽማግሌ ፊት ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ግን ባድሌ በሙሉ ሰማት። «የካሚል ፎልደር ስለተባለው አላውቅም» አለች። «እኔ ይህን ሰው አሥራ አራት ዓመት የቻልኩት ጠዋት ባሕር ስለሚሄድ ነው። ምግብ ቤት ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ፊቴ ከተገተረ ወደቡም አያድነው፣ ሽማግሌም አያድነው።»

ለሦስት ቀን ካላናገረችው በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ካሚል የታረቀችው ያህል ፊቱ በራ።

ሐሙስ ገዢው መጣ። ዳጉውን ሰጠ፣ ዳጉ ተቀበለ፣ ከጋስ ፍየል የቀረለትን ቅልጥም በላ፣ ጀልባውን አላገኘም። ነጋዴ ነውና ብዙም አልከፋውም፤ ሲሄድ ካሚልን፣ አሳብህን ስትለውጥ የምትገኘው እዚሁ አይደል ብሎት ሄደ። ካሚል ቅዳሜ ጠዋት በረዶ ሊወስድ መጣ። ጥሩ አደረግሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንጃ አልኩት። እኔ በሕይወቴ ስለ ራሴ ነገር እንኳ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። «እኔም እንጃ» አለና ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ጀልባው ሄደ፤ ሲሄድ ግን ያፏጭ ነበር።

ይህ ከሆነ ብዙ ወር አለፈ። የወደቡ ነገር እስካሁን አልተነገረም። ደረቁ ወሽመጥ ላይ ድንጋይ ቀለም ተቀብቶ ታይቷል ይባላል፤ እኛም ጋ ሁለት ድንጋይ ተቀብቷል። ሐጂ ዲኒ ስለ ቀለሙ የሚለው አለው፤ እዚህ አልጽፈውም።

እኔን ግን አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ጋስ ለካሚል የሰጡት ምክር ለሁለቱም መንገድ የሚሆን ነው፤ እውነት ነው። ግን ቦታው የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሲናገረው፣ ምክር ነው ወይስ ዳጉ? እዚህ እንደሚሠራ እያወቁ፣ ካሚል ቢሸጥ ይሻለው እንደነበር እያወቁ፣ አትሽጥ ማለት ይችሉ ነበር? ወይስ እዚያ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው ያን ያህል የታገሉለት? እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አይሆንልኝም፤ ሦስት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ ሦስት ጊዜ ሻይ ጠጥቼ ተመልሻለሁ። ባለፈው ሰኞ ከሰዓት ግን ከእኔና ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረም።

«አጎቴ ጋስ» አልኳቸው፤ «ወደቡ እዚህ እንደሚሆን ቢያውቁ ኖሮ፣ ያኔም ካሚልን አትሽጥ ይሉት ነበር?»

ብርጭቆዬን ወስደው አለቀለቁት። ቀዱልኝ። ስኳሩን እኔው እንድጨምር አጠገቤ አደረጉልኝ።

«ይህንን አልመልስልህም፣ ልጄ» አሉኝ። «አዎ ብልም አይ ብልም የሰማሁትን ማውረድ ይሆንብኛል።»